ከአሚን በፊት የተጠየቀ ጥያቄ

አንድ ሰው ነበር፤ ጉድጓድ ቆፋሪ። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖራል። እጁ ሙያተኛ ነው፤ ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንለትም። ጉባኤ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ጫማ ከሚወለቅበት አጠገብ ነው።

የመንደሩ ትልቅ ሰው ሐጂ አደም ይባላሉ። ደግ ናቸው፤ እንዳታሟቸው። አንድ አመል ግን አለቻቸው። ሀሳባቸውን የሚናገሩት በዱዓ ነው። “ስብሰባው ጁምዓ ይሁን” አይሉም። እጃቸውን ይዘረጉና “ያ ረብ፣ ጁምዓ በሰላም አሰባስበን” ይላሉ። ጀመዓው “አሚን!” ይላል። አለቀ። አሚን ከተባለ በኋላ ማን ይቃወማል? ዱዓ በድምፅ ብልጫ ሲወድቅ ያያችሁ አላችሁ?

እና መንደሩ ውሃ የለውም። ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ነው የሚቀዱት። ሐጂም ሽማግሌዎች ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ እንዳይደክሙ ብለው አሰቡና እጃቸውን ዘረጉ። “ያ ረብ፣ ከመስጊድህ በር ላይ ውሃ አፍልቅልን።”

አሚን!

ቆፋሪው ያውቃል። ከበሩ ስር ያለው ቋጥኝ ነው። ከታች፣ ከሾላው አጠገብ ግን በበጋም ሳሩ አይደርቅም። ይህን እያወቀ እሱም አሚን አለ። እንደነገሩኝማ ከሁሉም ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቆፈረ። አሥራ ሁለት ክንድ ላይ ቋጥኙ ተገኘ፤ ዶማ ተሰበረ፣ የሰው መዳፍ ተላጠ። የቆፋሪው ሚስት ሉባባ ደግሞ ወሯ ገብቷል። እንዲያም ሆና ጀሪካኗን አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። አንድ ቀን አዳለጣትና ወደቀች። አልሐምዱሊላህ፣ እሷም ፅንሱም ተረፉ። ቤት ገብታ ባሏ የተላጠ ጉልበቷን ሲያጥብላት እጁን ያዘችው።

“ውሃው የት እንዳለ ታውቃለህ አይደል?” አለችው።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለማን ብለህ ነው የደበቅኸው?”

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

በማግስቱ ሐጂ ሁለተኛውን ጉድጓድ ሊያስጀምሩ መጡ። የት መሰላችሁ? ከዚያው ከበሩ፣ በግራ በኩል። እጃቸውን ዘረጉ። ሕዝቡ አፉን ለአሚን አዘጋጅቷል። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ተነሣ።

“ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ። ይሄ ቦታ አላህ ያዘዘዎት ነው ወይስ የራስዎ ሀሳብ ነው?”

ጀመዓው ደነገጠ። አንድ ሽማግሌ ተቀመጥ ብለው ጋቢውን ጎተቱት። ሐጂ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ቆይተው ግን ፊታቸው ፈታ አለ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

“ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ” አሉ። “የበድር ጥያቄ ናት። ረመዳን በመጣ ቁጥር የማወራችሁ እኔ ነኝ። ለኔ ትመጣለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የራሴ ሀሳብ ነው ልጄ። የት እንቆፍር?”

ከሾላው አጠገብ ቆፈሩ። በዘጠኝ ክንድ ውሃ ወጣ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በድር ሲነሣ ምን ትዝ ይላችኋል? ሦስት መቶ ምናምን ሰው ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ማሸነፉ። የመላእክት እርዳታ። ሐቅ ነው። ነገር ግን ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት የሆነውን ለምን እንዘለዋለን? በሲራ፣ በነቢያችን የሕይወት ታሪክ፣ እንደሚወሳው፣ ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም አንድ ቦታ ሰፈሩ። ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር የተባለ ሰሓባ፣ ከባልደረቦቻቸው አንዱ፣ ቀረበና ቦታውን አላህ ያዘዘዎት ነው ወይስ የጦር ምክር ነው ብሎ ጠየቀ። ምክር ነው አሉት። እንግዲያውስ ለጠላት ቅርብ ወደሆነው ውሃ ሄደን ቀድመን እንያዘው አለ። ሄዱ።

ክብራቸው ተነካ? በጭራሽ! ወሕይ፣ የአላህ ቃል፣ የሚወርድላቸው ነቢይ የሰው ምክር ሰምተው ጦራቸውን ከሰፈረበት ካነሡ፣ እኔና አንተ ማን ነንና ነው አንዴ ተናግሬያለሁ ብለን የምንገግመው? የሑባብንም አደብ እዩ። መጀመሪያ ጠየቀ። አላህ ያዘዘው ቢሆን ኖሮ አንዲት ቃል አይጨምርም ነበር። እኛ ግን በአላህ ትእዛዝ ላይ እንከራከራለን፤ የሰው ሀሳብ ላይ ስንደርስ አንገታችንን እንደፋለን። ተገላብጦብናል እኮ!

እናንተ ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ የምታውቁትን ተናገሩ። ዝምታችሁ ትሕትና ይመስላችኋል፤ ሸክሙን የሚሸከምላችሁ ግን ሌላ ሰው ነው።

እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶች ደግሞ፣ ከመካከላችሁ ሴት ልጁን ለመዳር ቃል የሰጠ አለ። ሽማግሌ ተቀብሏል፣ ዱዓ አስደርጓል፣ ድንኳን አስይዟል። ልጅቷ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ምንም አላለችም። አንተም ደስ ብሏት ነው ብለሃል።

አሁን ቤት ስትገባ አጠገብህ አስቀምጣትና ጠይቃት። ስትመልስልህም እስክትጨርስ ስማት።