ባለ ስርጉዱ ፋኖስ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለ አንድ ቤት ደጃፍ የናስ ፋኖስ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በገደሉ በኩል ባለው ጎኑ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ላይ፣ እንደ ልጅ ጉንጭ ስርጉድ ነበረው።

የቤቱ እመቤት እመት የሺመቤት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ሰርግ በአንድ ፋኖስ አንድ ዓይና ነው ብለው አንጥረኛውን አያ ተገኝን አስጠሩና የዚህን መንትያ ሥራልኝ አሉት። አያ ተገኝም እጀታውን በእጀታ፣ አበባውን በአበባ፣ ቀዳዳውን በቀዳዳ ቀዳ። ስርጉዱን ግን ተወው፤ ነውር አይቀዳም ብሎ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰቀሉ። እመት የሺመቤት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተመሳሰሉም። ሰርጉ ይለፍና ጠማማው ይቀልጣል፣ በናሱም ሌላ ለስላሳ ይሠራልኛል አሉ። አሮጌው ፋኖስም ይህን ከተሰቀለበት ሰማ።

«አባባ፣» አለ አዲሱ፣ «ጉንጭዎን በቅሎ ናት የረገጠችዎ?»

«በቅሎ አይደለችም፣» አለ አሮጌው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ! ጀንበር ስታዘቀዝቅ ፋኖሶቹ ተለኮሱ፤ ከበሮው ከቁልቁለቱ ተሰማ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በገደሉ ጠርዝ እየመጣ ነው፤ መንገድ የሚያሳያቸው የደጃፉ ብርሃን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነፋስ እኔም ተጠርቻለሁ እያለ ከገደሉ ሥር ብድግ አለ።

እፍ አለ፤ ሁለቱም ተንቀጠቀጡ።

እፍ አለ፤ የአዲሱ ነበልባል ጎንበስ ብሎ እንደ ምንም ቀና አለ።

እፍፍ አለ፤ አዲሱ ድርግም!

«አባባ፣ ጠፋሁ እኮ። እርስዎ በምን ቆሙ?»

አሮጌው አሰበ። ዝም ቢል ብቻውን ያበራል፣ ማንም አያቀልጠውም። ቢናገር መንትያው እንደ እሱ ይጸናል፣ እሱም ትርፍ ሆኖ ወደ እሳት ይሄዳል። ግን ገደሉ ጠርዝ ላይ የሙሽራው በቅሎ ተደናቀፈች፤ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። አንድ ብርሃን አልበቃም።

«አያ ተገኝ፣» ብሎ ተጣራ፤ አንጥረኛው ከእድምተኛው መሃል ቀና አለ። «ስርጉዴ ነውር አይደለም። የቤቱ ጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በነፋስ በኩል በድንጋይ የመቱኝ አስበው ነው፤ ነፋስ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን ሊያጠብቡልኝ።»

ለአያ ተገኝ ነገሩ በራለት። ድንጋይ አነሣና አዲሱን ጉንጩ ላይ ጓ አደረገው።

«ወይ ጉንጬን!»

«አይዞህ ልጄ፣» አለ አሮጌው፣ «በቅሎዋ ላንተም መጣች።»

አዲሱ ተለኮሰ። ነፋስ እፍ አለ፣ እፍ አለ፣ እፍፍ አለ፤ ቢደክመው ከጨፋሪዎቹ መሃል ገብቶ ነጠላ ሲያውለበልብ አመሸ። ሙሽራውም በደህና ደረሰ።

እመት የሺመቤት ደጃፍ ወጥተው ቀና ብለው አዩ። ስርጉድ እዚህ፣ ስርጉድ እዚያ።

«እንዲህ ነው እንጂ መንታ፣» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ፋኖስ ማቅለጡን ግን ዳግም ያነሣው የለም።

መልክ የሚቀዳ ጠባሳውንም ይጠይቅ። እኔ ተረቴን ደጃፍ ላይ ሰቀልኩት፤ ላምባ መጨመሩ የእናንተ ነው።