የበጓ ጠያቂዎች

ደብሩ ለችግረኛ ቤተሰቦች በግ የሚያድል አንድ ማኅበር ይረዳ ነበር። ምላሷ የማያርፍ አንዲት ባልቴትም ያረገዘች በግ ደረሳት። ከጥቂት ዶሮዎች በቀር ጥሪት አልነበራትምና እልል ብላ ተቀበለች።

ክፋቱ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ደርበው በጓን መጠየቅ አበዙ። የገና በዓል እንዳለፈ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝምና ባልቴቷ ጎረቤት ጠርታ ዶሮ አሳረደች። በጥምቀት ማግስት ደገሙ፤ አሁንም አሳረደች። "ይቺ በግ ከሳች ልበል?" እያሉ አጥንቱን ይግጣሉ። ሁዳዴ ሲገባ እግራቸው ጠፋ። በጓ ወለደች፣ ግልገሏ ቦረቀች፤ ዞር ብሎ ያየ የለም። በፋሲካ ማግስት ግን ሊቀ መንበሩ ከነጭፍሮቻቸው ከች አሉ፤ የመጨረሻዋ እንቁላል ጣይም ሄደች።

በዳግማይ ትንሣኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቶ ደርበው ባልቴቷን በምእመናኑ ፊት አቆሟት።

"እስቲ ተናገሪ፤ በጓ ከተሰጠችሽ ወዲህ ኑሮሽ እንዴት ነው? የጎደለሽ ካለም ደብሩ ይሞላልሻል" አሉ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

ባልቴቷ እጅ ነሳች።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። በጓስ ሣሯን ግጣ ትገባለች፣ ምንም አላስቸገረችኝ። ያስቸገረኝ የጠያቂዎቿ ቀለብ ነው። አሁን የቀረኝ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነውና፣ ደብሩ ከቻለ ሁዳዴን መልሶ ያስገባልኝ።"