ቀይዋ መስመር

ላምም በረትም የሌለባት ተረት ልንገራችሁ።

በአንድ ከተማ ሆስፒታል ትርሲት የምትባል ፋርማሲስት ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ስም ሲመጣ ኮምፒውተሯ ላይ አንዲት ቀይ መስመር እንድትወጣ። የሆስፒታሉ ፕሮግራም ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ፣ ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ፣ እያንዳንዱም ሞጁል ባለቤት ያለው ነበር። የተጻፈው ሥራ ላይ የሚውለው ሞጁሉ ሲገነባ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀይረው ነው።

ትርሲት የመድኃኒት ሞጁሉን ባለቤት ዘርይሁንን ለመነችው። ዘርይሁን መስመሯን ባንድ ጠዋት ጻፋት። ግን የሰዎቹን ስም የያዘው የታካሚው ሞጁል ሳይገነባ የመድኃኒቱ አይገነባ፤ የመድኃኒቱ ሳይገነባ ቀይ መስመር የለችም።

የምሥራች ወደምትባለው ባልደረባው ሄደ፤ የታካሚው ሞጁል የእሷ ነው። እሷም ጉተማን ጠብቅ አለችው። የጋራው ሞጁል ሳይገነባ የታካሚው አይገነባ፤ የታካሚው ሳይገነባ የመድኃኒቱ አይገነባ፤ የመድኃኒቱ ሳይገነባ ቀይ መስመር የለችም።

ወደ ጉተማ ሄደ፤ ሁሉም የሚጠቀሙበት የጋራው ሞጁል የእሱ ነው። ጉተማ ደግሞ የመድኃኒቶቹን ስም ዝርዝር የሚወስደው ከዘርይሁን ሞጁል ነበር።

«አንተ ሳትገነባ እኔ እንዴት ልገንባ?» አለው።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ሳይገነባ የጋራው አይገነባ፤ የጋራው ሳይገነባ የታካሚው አይገነባ፤ የታካሚው ሳይገነባ የመድኃኒቱ አይገነባ፤ የመድኃኒቱ ሳይገነባ ቀይ መስመር የለችም።

ሦስቱም ጥፋቱ የሌላው ነው እያሉ ኢሜይል ተጻጻፉ። ሦስት ሳምንት አለፈ። ትርሲት እስከዚያው ፔኒሲሊን የማይስማማቸውን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እረፍት በወጣችበት ቀን ተተኪዋ ወረቀቱን ሳታይ ለወይዘሮ አስካለ ፔኒሲሊን ሰጠች። ወይዘሮ አስካለ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ።

ዘርይሁን ይህን ሲሰማ ወንበሩን ጎትቶ ጉተማ አጠገብ ተቀመጠ። የመድኃኒቶቹን ስም ዝርዝር ከዘርይሁን ሞጁል አውጥተው፣ ማንንም የማይጠብቅ ለብቻው የቆመ ትንሽ ሞጁል አደረጉት።

ዝርዝሩ ተገነባ። ዝርዝሩ ሲገነባ የጋራው ተገነባ፤ የጋራው ሲገነባ የታካሚው ተገነባ፤ የታካሚው ሲገነባ የመድኃኒቱ ተገነባ፤ የመድኃኒቱ ሲገነባ ቀይዋ መስመር ወጣች።

ዘርይሁን ለትርሲት ደውሎ ነገራት።

«ምን ያህል ጊዜ ፈጀባችሁ?» አለችው።

ሊዋሻት አልቻለም። «አርባ ደቂቃ» አላት።

ትርሲት ስልኩን አስቀመጠች። ከመስኮቱ ውጭ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስም ጠራች።