ደረቷ የተመለጠ ወፍ

የታሰሩ ወፎችን በመፍታት ስሙ የወጣ አንድ ባለጸጋ ነበረ። ልጄ፣ ጥያቄህን ከመመለሴ በፊት የእሱን ነገር ስማኝ።

ሰውዬው የሚኖረው ሩዝ በሚበቅልበት ሸለቆ ውስጥ፣ ከሰፊ ረግረግ አጠገብ ባለች ከተማ ነበር። የዚያ አገር ሰዎች እንደ እኛው የቡድሃን ትምህርት የሚከተሉ ናቸው። የታሰረ እንስሳ ገዝቶ መፍታት በእነሱ ዘንድ ከምጽዋት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ በጸደይ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት በዓል፣ ሕዝቡ ወደ ገዳሙ ግቢ ይወጣል። ወፍ አጥማጆች በቀርከሃ ቅርጫት ትናንሽ ወፎች ይዘው ይመጣሉ። ሰው ይገዛቸዋል፤ ጸሎቱን አድርሶ የቅርጫቱን ክዳን ያነሣል።

ባለጸጋው ይህን የጀመረው አንድያ ልጁ በታመመች ጊዜ ነው። ሕፃኗ ትኩሳት ይዟት ሰባት ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች። ሐኪሙም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አባትየው መላ ቢያጣ ወደ ገዳሙ ሮጠ፤ አንድ ቅርጫት ወፍ ገዛና «እነዚህ ነፍሳት እንደ ተረፉ የልጄም ነፍስ ትትረፍ» ብሎ ለቀቃቸው። ልጅቷ በማግስቱ ውሃ ጠየቀች። በሳምንቱ ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በዓሉ በመጣ ቁጥር ወፍ ሳይፈታ ውሎ አያውቅም። መጀመሪያ አንድ ቅርጫት ነበር፤ ከዚያ አሥር ሆነ፤ ኋላ ግን ግቢው በቅርጫት ይሞላ ጀመር። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልብ በል። ለታይታም አላደረገውም። ክዳኖቹ ተነሥተው ያ ሁሉ ክንፍ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ይነሣል፤ ዕንባው ይመጣል። ሰዎችም እያዩት ያለቅሳሉ። ሥጋ መብላት ካቆመ ቆይቷል። ትንኝ እንኳ ክንዱ ላይ ስታርፍ እፍ ይላታል እንጂ አይመታትም።

በአንድ በዓል ቅርጫቶቹ ሁሉ ባዶ ከሆኑ በኋላ አንዲት ወፍ ሳትበር ቀረች። ባለጸጋው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ አወጣት። አንዱ ክንፏ በሙጫ ተጣብቋል፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። በልብሱ ሸሽጎ ወደ ቤት ይዟት ሄደ። ክንፏን በዘይት እያራሰ ላባውን አንድ በአንድ አላቀቀ። ከሰዓት በኋላ ግን ወፏ እጁ ላይ እንዳለች ሞተች።

ሲያገላብጣት ደረቷ ላይ ላባ የለም። ቆዳዋ ተመልጦ፣ ቀልቶ ይታያል።

«ይህን ደግሞ ምን አድርገዋት ይሆን?» አለ።

ሚስቱ የገበሬ ልጅ ናት፤ ከዶሮ ጋር ነው ያደገችው። ቀረብ ብላ የወፏን ደረት በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ «ማንም ምንም አላደረጋትም» አለችው። «እናት ናት። የታቀፈች ወፍ ደረቷ እንዲህ ይመለጣል። ገላዋ እንቁላሉን እንዲያሞቀው ላባዋን ትጥላለች።»

«እንቁላሎቹስ የት አሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጎጆዋ ውስጥ ይሆናሉ።»

በዚያ ቀን እራት አልበላም። በማግስቱ ማለዳ ወፏን ያመጣችለትን አጥማጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ ፈለጋት። ባሏ የሞተባት፣ ፊቷን ፀሐይ የጠበሳት ሴት ናት። ወፎቹን የምትይዝበትን ቦታ እንድታሳየው ለመናት።

«ጌታዬ፣ እዚያ እኮ ጭቃ ነው» አለች። «ለእርስዎ የሚሆን ቦታ አይደለም።»

«ግድ የለም። ውሰጂኝ።»

በታንኳዋ ይዛው ረግረጉ ውስጥ ገባች። ሸምበቆው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ባለጸጋው በልጅነቱ እዚህ ዋና የተማረ ሰው ነበርና ረግረጉ በወፍ ጩኸት ጆሮ የሚያደነቁር እንደ ነበር ያስታውሳል። አሁን ግን የሚሰማው የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ነው። በየሸምበቆው መካከል ሙጫ የተቀቡ ቀጫጭን እንጨቶች ተሰክተዋል። አንዳንዶቹ ላይ የደረቀች ወፍ ተጣብቃ ቀርታለች።

«እነዚህስ?» አለ።

«ሁሉም በሕይወት አይደርሱልንም» አለች ሴትየዋ። «ሲፈራገጡ ክንፋቸው የሚሰበር አለ፤ ቅርጫት ውስጥ ተረጋግጠው የሚያልቁም አሉ። የተፈቱትም ቢሆኑ ከተማው መሃል መሄጃው ይጠፋቸውና የገዳሙ ዛፍ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ መልሰን እንይዛቸዋለን። አንዳንዷን ሦስት ጊዜ ፈተዋታል።» መቅዘፊያዋን አስቀመጠች። «ድሮ አባቴ ለወጥ የሚሆን ሦስት አራት ወፍ ነበር የሚይዘው። እርስዎ መፍታት ከጀመሩ ወዲህ ግን የዚህ ዳር መንደር ሁሉ ሌላ ሥራ ትቷል።»

ሸምበቆውን ገለጥ ሲያደርግ ጎጆ አየ። አራት እንቁላል ነበረበት። እጁን ሰድዶ ነካቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ቀጥሎ ባለው ጎጆ ጫጩቶች ነበሩ። አንገታቸውን ወደ ላይ እንደ ዘረጉ፣ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ሞተዋል። ምግብ ይዛ የምትመጣውን እየጠበቁ ነው የሞቱት። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «አልጠየቁኝም» አለች። «በዓሉ ላይ ሲያለቅሱ አይዎት ነበር። እንዲያ ደስ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ደግሞ እኔም የማበላቸው ልጆች አሉኝ።»

ባለጸጋው ከታንኳዋ ወርዶ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገባ። እንጨቶቹን በእጁ እየነቀለ ይሰብር ጀመር። ሴትየዋ ጥቂት ካየችው በኋላ ወርዳ አብራው ነቀለች። እስኪደክማቸው ድረስ ነቀሉ፤ ገና ያልደረሱበት ግን ብዙ ነበር። በሕይወት የተገኘውን ጫጩት በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስቱ ትል እያደቀቀች ጫጩቱን አጎረሰችው። ሦስት ቀን ቆየና ሞተ።

በተከታዩ ዓመት በዓል ሕዝቡ እንደ ልማዱ ግቢውን ሞላ። ባለጸጋው ባዶ እጁን መጥቶ የገዳሙ ደረጃ ላይ ቆመ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ነፃ ሲወጡ ያያችኋቸው ወፎች የታሰሩት በእኔ ምክንያት ነው። እኔ ባልገዛቸው ኖሮ ይህን ያህል የሚይዛቸው አልነበረም። እናቶቹን እዚህ ስለቅቅ ልጆቻቸው ረግረጉ ውስጥ በረሃብ ያልቁ ነበር። ሄጄ አይቻለሁ። እባካችሁ አትግዙ።»

አንዳንዱ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። የተቆጡም ነበሩ። ከፊት አንዲት አሮጊት ወጣች፤ አንዲት ወፍ ያለባት ትንሽ ቅርጫት በሁለት እጇ ይዛለች።

«እኔ በየዓመቱ አንዲት ወፍ የምፈታው ለሞተው ልጄ ነፍስ ነው» አለችው። «የእኔም እንደዚያ ነው?»

ባለጸጋው ቅርጫቷን ተመለከተ። አይደለም ቢላት ውሸት ነው፤ ነው ቢላት ደግሞ ያላትን ብቸኛ መጽናኛ መንጠቅ ነው። ከደረጃው ወርዶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ እስኪበተን ድረስ ሁለቱም እዚያው ቆዩ። በኋላ አሮጊቷ ቅርጫቷን አቀፈች፤ ወደ ረግረጉ የሚወስደውንም መንገድ ጠየቀችው።

ከዚያ ምን ሆነ ብትለኝ፣ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። በዚያው ዓመት ወፍ ስላነሰ ትል የሩዙን ማሳ ወረረውና ሸለቆው ተራበ። ባለጸጋው ጎተራውን ከፈተ። አጥማጆቹንም ከሸምበቆው ምንጣፍ እንዲሠሩና ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወር ረግረጉን እንዲጠብቁ ቀጠራቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጥቂት ጥቂት ወፎች ተመለሱ። ንጋት ላይ ከሁሉ ቀድማ ትዘምር የነበረች አንዲት ዓይነት ወፍ ግን አልተመለሰችም። እስከ ዛሬም አልተመለሰችም።

ሰውዬው በየጸደዩ ማለዳ ተነሥቶ ረግረጉ ዳር እየሄደ ያዳምጥ ነበር። ልጁ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳለች። አንድ ቀን ተከትላው ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ራስህን አትጉዳ» አለችው። «እኔን ለማዳን ብለህ አይደል ያደረግኸው?»

«የመጀመሪያው ቅርጫት ለአንቺ ነበር» አላት። «የቀሩት ሁሉ ለእኔው ደስታ ነበሩ። ደግነቴን ወድጄው ነበር፤ ወፎቹን ግን አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላየኋቸውም።»

እንዲህ እንዳዘነ አርጅቶ ሞተ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሩዝህን የሚበላውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ማሳህ ውስጥ መርዝ ረጨህ። ቀንድ አውጣውን የበሉት ሽመላዎች ታችኛው መንደር ወድቀው ተገኙ። ዛሬ ጠዋት ወደ እኔ መጥተህ «አባ፣ ሽመላዎቹን በእጄ አልገደልኳቸውም፤ ታዲያ እጠየቅባቸዋለሁ ወይ?» አልኸኝ። ልጄ፣ ያ ባለጸጋም በእጁ የገደለው አልነበረም። የእሱ እጅ ክዳን ያነሣ ነበር፤ የአንተም እጅ ሰብልህን ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን ውሃው ከማሳህ ወጥቶ ይሄዳል፤ ቀንድ አውጣውም የሚበላው አለ። ሕይወት ያለው ሁሉ ተደጋግፎ ነው የቆመው፤ አንዱን ገፍተህ ሌላው ሲወድቅ አልነካሁትም ማለት አትችልም። ባለጸጋው የበደለው በጭካኔ አይደለም፤ ወፎቹ ከየት እንደሚመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ባለመጠየቁ ነው። አዎን፣ ትጠየቅባቸዋለህ።

ሽመላዎቹን ልመልስልህ አልችልም። ይቅር ልልህም አልችልም፤ የተበደልሁት እኔ አይደለሁም። ጆንያው ውስጥ ግን ግማሽ መርዝ ቀርቷል ብለኸኛል፤ ጎረቤትህም ነገ ከአንተ ሊዋሰው እንደሚመጣ ነግረኸኛል። ወደ ቤትህ ግባና ሲመጣ የምትነግረውን አስብ። አንተ መርዙ ወዴት እንደሚሄድ የምትጠይቅበት ጊዜ አልፎብሃል፤ እሱ ግን ገና አልረጨም።