የአንጓች ሽንኩርትና የውሃ አባቱ ምርጫ

በአንድ ወቅት፣ ወንዙ ከገና በኋላ እንደ ገመድ በቀጠነበት ዓመት፣ አንጓች የምትባል ሴት ከቦዩ ግርጌ ሽንኩርት ተከለች። በዚያ መንደር ማሳ ሁሉ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚደለድለውም የውሃ አባት የሚባል፣ መንደሩ ራሱ የሚመርጠው ሰው ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ተራው ሲደርስ ያልተገኘ፣ ዙሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። ለማስታወስ አይከብድም፤ ጭንቁ መቀበሉ ላይ ነው።

አንጓች ተራዋ በደረሰበት ቀን አልነበረችም። ልጇ በትኩሳት ስትቃጠልባት አዝላት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ልጅቷ ዳነች። እናትየው ስትመለስ ግን ሽንኩርቱ ጠውልጎ፣ ውሃው ወደ ሌላ ማሳ ዞሮ ጠበቃት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚኖረው በዚያ ማሳ ብቻ ነው። የውሃ አባቱ አርጅቶ ዓይኑ ስለ ደከመ ቦዩን የሚጠብቅለት አስማረ ነበርና፣ ወደ እሱ ሮጠች።

«አስማረ ወንድሜ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነበር እኮ!»

«እንኳን ዳነችልሽ እቴ። ዙሩ ሳይመለስ ግን ልከፍትልሽ አልችልም» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። አንጓች ረገመችው፤ በልቧ ብቻም አይደለም።

ይህን የሰማ አያ ደሳለው የሚባል ጎረቤቷ ነበር። በማግሥቱ የእሱ ተራ ነው።

«ከቀኔ እኩሌታው ያንቺ ነው» አላት።

«የእርስዎ በርበሬስ አያ?»

«በርበሬው ቢቀር አልጫ እንበላለና!» ብሎ ሳቀ። እንዳለውም ውሃውን ለቀቀላት፤ የበርበሬው እኩሌታ ደረቀበት፤ ለማንም ግን አላወራም። የአንጓች ማሳ የላይኛው ግማሽ ቀና አለ። ለታችኛው ውሃው አልደረሰም።

ጎበዜ የሚባል ሌላ ጎረቤትም ነበራት፤ የእሱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። መንደሩ ለቀብር በወጣበት ቀን ዶማውን አንሥቶ ቦዩን ሰበረና፣ የዕለቱ ባለተራ የአስማረ ወንድም ወደ ማሳው መርቶት የሄደውን ውሃ ወደ አንጓች ማሳ ለቀቀው። እሷ ከቀብር ስትመለስ የታችኛው ሽንኩርቷ ጠጥቶ ረክቷል። የአስማረ ወንድም ጎመን ግን በፀሐይ ተቃጠለ። ሽማግሌዎች ሲጠይቁት ጎበዜ አልካደም። «ልጇን አስታማ የመጣችን ሴት የሚቀጣ ሕግ እኔ አላከብርም። ቅጣቴን ንገሩኝ» አለ። የቦዩን ደለል ብቻውን እንዲጠርግ ፈረዱበት፤ እያፏጨ ጠረገው።

ዙሩ ተመልሶ የአንጓች ተራ ሲደርስ፣ የአስማረ ወንድም ቀድሟት ቦዩ ዳር ተገኘ። ያ ውሃ ቢቀርባት ሽንኩርቱ ሳይወፍር ሊደርቅ ነው።

«ውሃዬ የፈሰሰው በእሷ ማሳ ነው። የዛሬው ተራዋ የእኔ ነው!» አለ።

አስማረ የቦዩ አፍ ላይ ቆመ። «ውሃህን የወሰደው ጎበዜ ነው፤ ተቀጥቷል። ተራው የእሷ ነው።»

«እኔ የእናትህ ልጅ አይደለሁም?»

«ነህ። ዙርህን ጠብቅ።»

እሷን በከለከለበት ድምፅ ወንድሙን ከለከለው፤ ከዚያ ቦዩን ከፈተላት። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም።

ሽንኩርቱ ደረሰ። አንጓች ስትነቅል ደስታው እንባ አመጣባት። ለሦስቱም ቤት በራሷ ጀርባ ተሸክማ አደረሰች፤ አስማረንም ስለ እርግማኗ ይቅርታ ጠየቀችው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሽንኩርቱ እንዳልነበር ታውቃለች፤ ለሦስቱም የሚበቃ ምስጋና ነበራት። ሦስቱን በልቧ ማስቀመጥ ምንም አልከበዳትም።

የከበዳት በኋላ ነው። ሽማግሌው የውሃ አባት በቃኝ አለ። መንደሩ ቦዩ ዳር ተሰብስቦ ደሳለውን፣ ጎበዜንና አስማረን አቆመ፤ ሰውም ከየመረጠው ጀርባ ተሰለፈ። ሦስቱ ሰልፎች እኩል ሆኑ። ያልተሰለፈች አንጓች ብቻ ናት።

«ኧረ ቶሎ በይ! ውለታ የዋለልሽን አታውቂም እንዴ?» አሏት።

ችግሩ ማወቋ ነው። ደሳለው የራሱን ይሰጣል፤ የውሃ አባት የሚያካፍለው ግን የሰው ውሃ ነው። ጎበዜ ለተቸገረ ይደርሳል፤ ነገ የሚቃጠለው ጎመን ግን የማን እንደሚሆን አይታወቅም። አስማረ ለወንድሙም አያዳላም፤ ነገ የታመመ ልጅ አዝላ የምትመለስን ሌላ እናት ግን ዙርሽን ጠብቂ ይላታል። ደግሞስ ሹመት የውለታ መመለሻ ይሆናል?

አንጓች አሁንም በሰልፎቹ መካከል እንደቆመች ናት። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ከማን ጀርባ ትሰለፋላችሁ? የውሃ አባትነት የሚገባው ለማን ነው?