አያ ጅቦና የጉድጓዱ ወለል

አንድ ጊዜ ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ደረቀና፣ እንስሳው ሁሉ በወንዙ አሸዋ ውስጥ በተቆፈረች አንዲት ጉድጓድ ላይ ቀረ። እዚያች ጉድጓድ ዘንድ ማንም ማንንም አይበላም። ሁሉም ተራ ይዞ ይጠጣል፤ ውሃው ሲጎድል ዘወር ብሎ ይጠብቃል። ከአሸዋው እየተንጠባጠበ መልሶ ይሞላል። ይህን ሕግ አንበሳ እንኳ ያከብረው ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ተራው የአህያ ነበር። ጡቷ ደርቆ ውርንጭላዋ መቆም አቅቶታል። እሷም አንድ ቦታ መርጋት አልቻለችም፤ ወደ ጉድጓዱ ትሄዳለች፣ ወደ ልጇ ትመለሳለች። ይህን ጊዜ አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ።

«እመት አህያ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው። አንድ ጉንጭ ብቻ ልቅደምሽ» አላት።

ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚባለውን ረስታ አስቀደመችው። የዋህ ናትና ምን ታድርግ።

ጅቡ አፉን ከውሃው አላነሣም። ተራ አስከባሪዋ ቀበሮ ጠጋ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ጎድሏል። ይበቃሃል።»

«ጎደለ እንጂ መች አለቀ?» ብሎ ልሶ ጨረሰው።

«አሁንስ አለቀ። ተነሥና ይረፍ፤ እስከ ቀትር ይመለሳል።»

«እስከ ቀትር ማን ይጠብቃል? ከሥር ሌላ ይኖራል» አለና ወለሉን መቧጨር ጀመረ።

አህያዋ ተንቀጠቀጠች። «ተው አያ ጅቦ፣ ውሃውን ይዞ ያቆመው እሱ ሸክላ አፈር ነው። ከበሳኸው ሁሉም ወደ ታች ይሰርጋል። ልጄ ይሞትብኛል።»

«ላለቀ ነገር ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አለና ቆፍሮ በሳው።

ከሥር የመንቆርቆር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ቀትር ሆነ፣ ውሃ የለም። ጥላው ረዘመ፣ ውሃ የለም። እንስሶቹ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አጎንብሰው ያያሉ። ጉድጓዱ እንደ ነጠፈ ሁሉም ገብቷቸዋል።

የጅቡ ዓይን ግን ውርንጭላው ላይ ነበር። «እመት ቀበሮ፣ ጉድጓዱ ከሌለ ሕጉስ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ቀበሮ ከጅቡ ጀርባ አንበሳው ከተኛበት ቀና ሲል አይታለች። «ሕጉ የጉድጓዱ ነበር፤ አብሮ ነጠፈ» አለች፣ አንበሳውም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ጅቡ ምራቁን እየዋጠ ወደ ውርንጭላው ተራመደ። አንበሳው ደግሞ ወደ ጅቡ። ጅቡ ዘወር ሲል አየውና ሊሮጥ ሞከረ፤ የሁሉንም ውሃ የተሸከመ ሆዱ ግን አላስኬደው አለ። አንበሳው በአንድ ዝላይ ያዘው። በዚያ ግርግር አህያዋ ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ተራራ ላይ ወዳለ ምንጭ ጉዞ ጀመረች። ምንጩ ሩቅ ነበር፤ ውርንጭላውም በየመንገዱ ይወድቅ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የጎደለ ቢታገሡት እንደሚሞላ፣ ያለቀም ቢያሳርፉት እንደሚመለስ፣ ወለሉ የተበሳ ግን ውሃውንም ያኖረንን ሕግም ይዞ እንደሚሄድ ነው።