ዳገት የማይፈራው መኪና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እንደኛ መኪና መንዳት በጀመሩበት ዘመን፣ የአያ ጅቦ ሚስት እመት ጅቢት አረገዘች። የመጀመሪያ ልጇን ወደ ሐኪም በእግሯ ስትጓዝ ምጥ ጠንቶባት አጥታው ነበር። ሐኪሙ አያ ዝሆን የሚኖረው ከረጅሙ ዳገት ማዶ ነበርና አያ ጅቦ «ዘንድሮስ በእግሯ አትሄድም፣ መኪና እገዛለሁ» ብሎ ተነሳ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሆዱን ትቶ ሚስቱን አሰበ።

ደላላው ቀበሮ ሁለት መኪና አሳየው። አንዷ ትንሽ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ዳገት እያቃሰተች የምትወጣ ናት። ሌላው ሰፊና ጥቁር ነው፤ ሲነሳ መሬት ያንቀጠቅጣል።

የሰፈሩ መካኒክ ጦጢት የትንሿን ኮፈን ከፍታ አየችና «አያ ጅቦ፣ ይህችን ውሰድ» አለች። «ብትታመም በሽቦም በገመድም ብዬ አድናታለሁ። መለዋወጫዋ ገበያ ላይ ሞልቷል። ባትሪዋ ቢደክም እንኳ ገፍተን እናስነሳታለን።»

«ትልቁስ?»

«እሱን ነክቼውም አላውቅ። የሚጠግነውም እዚህ አገር የለም።»

ቀበሮ ሳቅ አለ። «አያ ጅቦ፣ ያንተን የሚያህል ጌታ እየተገፋ ሊሄድ ነው? የዚህን ጉልበት እየው እስቲ! ዳገት አይፈራም። ደግሞ ከኋላው ሁለት በሬ ይጭናል።»

ሁለት በሬ ሲባል አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ፣ ሚስቱንም ረሳት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? ትልቁን ገዛ። ትንሿን እመት አህያ ወሰደቻት።

ምጡ የመጣው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። አያ ጅቦ ሚስቱን ከኋላ አስተኝቶ፣ ጦጢትንም ይዞ ነጎደ። ዳገቱ ሥር እመት አህያን አቧራ አልብሷት አለፈ። እውነትም መኪናው ዳገት አልፈራም፣ እስከ እኩሌታው ድረስ። እዚያ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራችና ሞተሩ ዝም አለ።

ጦጢት ኮፈኑን ከፈተች። ሁሉም ነገር በክዳን ተሸፍኗል። «በኮምፒውተር ካልተመረመረ ሕመሙ አይታወቅም» አለች። «ኮምፒውተሩ ደግሞ ያለው ሩቅ ከተማ ነው።»

በዚያ አገር የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ከርከሮው፣ ዝንጀሮው፣ ሚዳቋዋ ሳትቀር መጥተው ይገፉ ጀመር። ጦጢት «ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ ተገፍቶ አይነሳም!» ብትልም የምጡን ጩኸት እየሰሙ እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው። አንጀት ይበላ ነበር።

እመት አህያ በትንሿ መኪናዋ እያቃሰተች ደረሰች። «አያ ጅቦ፣ ብፈራህም እናት ነኝ፣ ምጥ አውቃለሁ። ወደኔ አምጣት።»

«ሚስቴን? በዚህች ቆርቆሮ? ቆይ፣ አሁን ይነሳል!»

ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ፀሐይዋ ከአናት ላይ አልፋ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ እመት ጅቢት በሰለለ ድምፅ «አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ የፈለግሁት መድረስ እንጂ መፍጠን አይደለም» አለችው። ያኔ ነው እያለቀሰ ተሸክሞ ያወረዳት።

ትንሿም መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆማለች። ጦጢት የተበጠሰውን ነገር በገመድ ቀጥላ ወዲያው አስነሳቻት። ደረሱ። አያ ዝሆን ልጁን አተረፈ፤ እናቲቱን ግን አልቻለም። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ…» ብሎ ሳይጨርሰው አንገቱን ደፋ።

ትልቁ መኪና ዛሬም ዳገቱ ወገብ ላይ ቆሟል። አያ ጅቦ ልጁን አዝሎ በእግሩ ሲያልፍ ልጁ ሁልጊዜ ይጠይቀዋል፦

«አባዬ፣ ይሄ መኪና ጉልበት አለው?»

«አለው፣ ልጄ» ይላል አያ ጅቦ እንባውን እየዋጠ። «ጉልበትስ አለው።»

ከዚህ የምንማረው፣ መኪናም ሆነ ሌላ ዕቃ ስንመርጥ ሲሄድ ያለውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ሲቆም የሚያነሳው እጅ በአቅራቢያችን መኖሩንም አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።